ሳሙናው ከምግብ በፊት ይምጣ

ርዕሰ አንቀጽ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንለጥፈው የስብሰባ ጥሪ፣ የወር መዋጮ ያልከፈሉ አባላት ስም ዝርዝርና የድንኳንና የወንበር ኪራይ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ግን ስለ እጅ መታጠብ እንጽፋለን። «እጅ መታጠብ ደግሞ ምን ይጻፍበታል፣ እሱንማ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል» የሚል አይጠፋም። እኛም ራሳችን እስካለፈው ወር ድረስ እንዲሁ ስንል ነበር። ነገር ግን በገዛ ድንኳናችን ውስጥ የደረሰው ነገር አፋችንን አስይዞናል። ዝም ብለን ብናልፈው ደግሞ የማኅበሩን አደራ መብላት ይሆንብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ኀዘን ነበር። እንደ ደንባችን ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ እንጀራውና ወጡ ከየቤቱ መጣ፣ ለቀስተኛው ተስተናገደ። በሠልስቱ ማግሥት ግን ከመንደራችን ከ10 የማያንሱ ሰዎች በሆድ ቁርጠት፣ በተቅማጥና በትውከት ተያዙ። ከነዚህም አንዷ የ4 ዓመት ሕፃን ነበረች። ሌሊት በአባቷ ጀርባ ታዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ስታለቅስ እንባ እንኳ አይወጣትም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ድናለች፤ በር ላይ ስትጫወት እናያታለን። ግን ሰው ለማጽናናት ያዘጋጀነው ማዕድ ሌላ ኀዘን ሊጨምርብን ትንሽ ነው የቀረው።

እኛ ጣታችንን በማንም ላይ አንቀስርም። ወጥ የሠሩትን እናቶች ወይም ውኃ ያመላለሱትን ወጣቶች የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል። ኮሚቴው ተሰብስቦ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ያን ቀን እጃችንን እንዴት ነበር የታጠብነው? መልሱን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን።

ከምግቡ በፊት አንድ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ በመደዳው ዞረ። በያንዳንዱ ሰው ጣት ጫፍ ላይ ውኃውን ጠብ ጠብ አደረገ። እኛም ጣቶቻችንን አሸት አሸት አድርገን፣ አጠገባችን ያለው ሰው በተጠራረገበት በዚያው ፎጣ አደረቅን። ሳሙና አልነበረም። ሳሙናው የት ነበር? በዕቃ ግምጃ ቤታችን ሣጥን ውስጥ። መቼ ወጣ? ምግቡ ካበቃ በኋላ! ወጡ ከጣታችን አልለቅ ሲል፣ ሽታው ሲያስቸግረን «ኧረ ሳሙና አምጡ» አልን፤ መጣልን፤ በሚገባ ፈትገን ታጠብን። እስቲ አስቡት፤ ሳሙናው የመጣው እጃችን ወደ አፋችን ከመሄዱ በፊት ሳይሆን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

እንጀራውን እየቆረሱ ያቀረቡትም ከድንኳን ተከላ፣ ከእንጨት ፈለጣ፣ መታጠቢያ ውኃ ከሌለው የጋራ ሽንት ቤት በቀጥታ የመጡ ናቸው። ታጠቡ ያላቸው የለም። የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ በእኛ በኮሚቴው እጅ ነው። ሳሙናውን ቀድመን ያላወጣን እኛ ነን። ስለዚህ ወቀሳው ከእኛ ይጀምር። ይሁንና እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁ፣ በየቤታችን ያለው ልማድ ከድንኳኑ ብዙ የሚለይ አይመስለንም።

ውኃ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በዓይን የማይታዩት የበሽታ ተሕዋስያን በእጃችን ላይ እንደ ትቢያ ተበትነው የተቀመጡ አይደሉም። በቆዳችን ቅባትና በእድፉ ውስጥ ተጣብቀው፣ በጥፍራችን ሥር ተሸሽገው ነው የሚገኙት። ወጥ የነካ እጅ በባዶ ውኃ ቢታጠብ ቅባቱ እንደማይለቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳሙና የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። የማይታየውም ነገር እንደዚያው ነው። ሳሙናው ከቆዳችን ያላቅቀዋል፣ ውኃው ጠርጎ ይወስደዋል። እንደ ኮሮና ያሉትን ቫይረሶች ደግሞ ሽፋናቸው ቅባትነት ስላለው ሳሙናው ያፈርሳቸዋል። ለወጡ የተጨነቅነውን ያህል ለበሽታው ያልተጨነቅነው ወጡ ስለሚታይ፣ በሽታው ስለማይታይ ብቻ ነው።

በሽታውም የሚመጣው ከሩቅ አይደለም። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ወስፋት፣ ኮሌራ ስማቸው ይለያይ እንጂ መነሻና መድረሻቸው አንድ ነው። ከአንድ ሰው ሰገራ ይወጣሉ፣ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባሉ። ለመስማት ያስቀይማል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በእጅ፣ በዝንብ፣ በውኃ፣ በአፈርና በምግብ ይጓዛሉ። ታይፎይድ ይዞት የዳነ ሰው አንዳንዴ ምንም ሳያመው ተሕዋሱን ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለት እጅን ንጹሕ አያደርገውም። የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት እጅን በሳሙና መታጠብ ብቻውን የተቅማጥ በሽታን ሲሶ ያህል ይቀንሳል። ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር በአንድ ሳሙና ከተገኘ ምን እንጠብቃለን?

በተለይ የእኛ እጅ የራሳችን ብቻ አይደለም። እኛ አንድ መሶብ ከበን፣ አንድ ትሪ ላይ እጃችንን አስገብተን ነው የምንበላው። ከዚያም አልፎ እንጎራረሳለን። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ደግመን እናጎርሳለን። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እኛም ጉርሻ ይቅር አንልም። ግን ያልታጠበ እጅ ሲያጎርስ ፍቅሩን ብቻ አያጎርስም። ልጁን የሚያጎርስ አባት፣ እንግዳዋን የምታጎርስ እናት ይህን ልብ ይበሉ።

«ታጠብ» ማለት ስድብ አይደለም

ብዙ ጊዜ አፋችንን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ከምግብ በፊት ሳሙና ብናቀርብ «ቆሻሻ ነህ» ያልነው ይመስለናል። ታላቅ ሰውን «አባባ፣ በሳሙና ይታጠቡ» ማለት ድፍረት ይመስለናል።

ይህ ይሉኝታ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ከአባሎቻችን አንዷ ነርስ የሆነች እኅታችን እንዳጫወተችን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ ኢግናዝ ሴሜልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። እርሱ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል ብዙ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይሞታሉ። አዋላጆች በሚሠሩበት በጎረቤቱ ክፍል ግን የሚሞቱት በጣም ያነሱ ናቸው። ነገሩን ሲመረምር ሐኪሞቹና ተማሪዎቻቸው ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ወላዷ እንደሚመጡ ተረዳ። ከዚያ «እጃችሁን በክሎሪን ውኃ ሳትታጠቡ ወላድ እንዳትነኩ» የሚል ደንብ አወጣ። ከደንቡ በፊት በነበረው ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህል ይሞቱ ነበር፤ ከደንቡ በኋላ ባሉት ወራት ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ሆኖም እጃችሁ ሞት ያመጣል መባሉ ብዙ ሐኪሞችን አስቀየማቸው። ሴሜልቫይስም ምክሩ በሰፊው ሳይሰማለት በ1865 ሞተ።

እንግዲህ የተማረው ሐኪም እንኳ «ታጠብ» ሲባል ከተቀየመ፣ የእኛ መንደር ሰው ቢቀየም አይገርምም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ሳሙና ማቅረብ ያስቀይም ይሆናል፤ ለሁሉም ማቅረብ ግን መስተንግዶ ነው። ታላላቆቻችን በቅድሚያ ቢታጠቡ ደግሞ ታናናሾቹ ያለ ንግግር ይከተላሉ።

በሽታ ሲመጣ መታጠብ፣ ሲሄድ መርሳት

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት የተባለው፣ አዲስ አበባ ሲገባ ብዙዎቻችን ጥሬ ምግብ ትተን ውኃ እያፈላን ስንጠጣ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ በየግቢው በርና በየሱቁ ደጃፍ ባለ ቧንቧ በርሜልና ጀሪካን ቆመ። የኛም ማኅበር ባለ ቧንቧ ባልዲ ገዝቶ በጋራ ሽንት ቤታችን በር ላይ አቆመ።

ታዲያ ዛሬ ያ ባልዲ የት አለ? መጀመሪያ ሳሙናው ጠፋ። ቀጥሎ ቧንቧው ተነቀለ። ከዚያ የሚሞላው ሰው ታጣ። አሁን የቆሻሻ መጣያ ሆኖ እዚያው ቆሟል፤ የፈለገ ሄዶ ይየው። የኮሮና ወሬ ሲቀዘቅዝ መታጠቡም አብሮ ቀዘቀዘ። ታይፎይዱና አሜባው ግን ከመንደራችን ወጥተው አያውቁም፤ ሬዲዮ ስለማይጮኽላቸው ረሳናቸው እንጂ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው።

ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በቀን 5 ጊዜ ለሚሰግዱት ሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። ይህን የሚያደርጉት ወረርሽኝ ገባ ተብሎ አይደለም፤ የሃይማኖታቸው ትእዛዝ ነው፣ ጊዜውም የታወቀ ነው። ጊዜው የታወቀ ነገር አይረሳም። እጅ በሳሙና መታጠብም እንዲሁ ጊዜና ቦታ ይኑረው እንላለን።

መቼና እንዴት እንታጠብ?

ጊዜዎቹ አምስት ናቸው።

1ኛ. ከሽንት ቤት ስንወጣ፣
2ኛ. ሕፃን ካጸዳን በኋላ፣
3ኛ. ምግብ ከማዘጋጀታችንና ከማቅረባችን በፊት፣
4ኛ. ከመብላታችን በፊት፣
5ኛ. ሕፃን ከማጥባትና ከማጉረስ በፊት።

አስታጣጠቡም ጣት ጫፍ ማራስ አይደለም። እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶች መካከልና ጥፍር ሥር ከ1 እስከ 20 ቀስ ብሎ እስኪቆጠር ድረስ ማሸት፣ ከዚያ በሚወርድ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራረግበት አንድ ፎጣ ግን ያጸዳነውን መልሶ ያቆሽሸዋል። ንጹሕ ጨርቅ ከሌለ እጅን አራግፎ በነፋስ ማድረቅ ይሻላል። ጥፍር በየሳምንቱ ይቆረጥ፤ ረጅም ጥፍር የያዘውን ሳሙናም በቀላሉ አያወጣውም።

አንድ ነገር በተለይ እናሳስብ። «የሕፃን ልጅ ሰገራ ጉዳት የለውም» የሚባለው ስሕተት ነው። የሕፃኑም ሰገራ እንደ ትልቁ ሰው በሽታ ያስተላልፋል። ወደ ሽንት ቤት ይጣል እንጂ በቦይና በግቢ ጥግ አይደፋ። ያጸዳውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

«ውኃ የለም» ለሚሉ

ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እኛም እዚሁ መንደር ነን። ስለዚህ ለክተን አየነው። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በሚስማር በስተን፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ሞልተን ዘቅዝቀን ታጠብን። ለሁለት ሰው በሚገባ በቃ። በዚህ ሒሳብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ሰው ያስታጥባል ማለት ነው። ውኃ የሚጨርሰው ተከፍቶ የሚተው ቧንቧ ነው እንጂ እጅ መታጠብ አይደለም።

«ሳሙና ይሰረቃል» ለሚሉም መላ አለ። አንድ ማንኪያ የልብስ ዱቄት ሳሙና በአንድ ጠርሙስ ውኃ በጥብጦ፣ ክዳኑን በስቶ ከባልዲው ጋር ማሰር ነው። ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል፤ ይህንንም ሰርቆ የሚሄድ ሰው አይኖርም ብለን እናምናለን። ጠርሙሱ ላይ ግን ልጆች እንዳይጠጡት «ሳሙና» ተብሎ ይጻፍበት።

የቀረውን ባጭሩ

የልጆች ፊት በየቀኑ ይታጠብ። አገራችን ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ዓይነ ስውር የሚያደርገው ይህ በሽታ የዓይን አር ባለበት ፊት፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ገላና ልብስ በየጊዜው ይታጠብ፤ ቅማል የሚያስከትላቸው ተስቦና ግርሻ ዛሬም ተረት አልሆኑም። የመጠጥ ውኃ ጀሪካን ውስጡ ይታጠብ፣ ክዳኑ ይዘጋ። ውኃው ሲያጠራጥር ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ እዚህ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ተቅማጥ ከያዘ ደግሞ ዋናው አደጋ የሰውነት ውኃ ማለቁ ነው። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት ይወሰድና በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። እርሱ ካልተገኘ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል ተለክቶ፣ ይበጥበጥ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይከልከል። እንደ ውኃ የቀጠነ ብዙ ተቅማጥ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የጎደጎደ ዓይን ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ኮሌራ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው

ይህን ሁሉ ጽፈን ብቻ ብንቀመጥ ከወሬ አያልፍም። ስለዚህ በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ኮሚቴው የሚከተሉትን ያቀርባል።

1ኛ. ሳሙና፣ ሁለት ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ማስታጠቢያ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር በማኅበሩ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ይመዝገቡ። ድንኳን በወጣ ቁጥር አብረው ይውጡ። እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይቅረብ።

2ኛ. ምግብ የሚያቀርቡ ሰዎች ተለይተው ይመደቡ። እነርሱ ድንኳን አይትከሉ፣ እንጨት አይፍለጡ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው በዚያ ሰሞን ለምግብ ሥራ አይመደብ። ይህ ለጤና እንጂ ለቅጣት አይደለም።

3ኛ. በሽንት ቤቱ በር ላይ ያለው ባልዲ በአዲስ ይተካ። የመሙላቱ ተራ በየሳምንቱ በቤት ቁጥር ይሁን። ተራው የቤቱ ነው እንጂ የእናትየዋና የሴት ልጂቱ ብቻ አይደለም። አባወራውም፣ ወንድ ልጁም ጀሪካን ይሸከም።

4ኛ. ወጪው ከወር መዋጮው ይሸፈን። እኛ አስልተን እንዳየነው በየቤቱ ሲካፈል በወር የአንድ ሳሙና ዋጋ እንኳ አይሞላም።

ይህን የሚቃወም ሐሳብ ያለው አባል በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ይናገር፤ የተሻለ መላ ካመጣ እኛ የመጀመሪያ ደጋፊዎቹ ነን። በቤቱ ተቀምጦ «ኮሚቴው የሚሠራው አጥቶ ስለ ሳሙና ይጽፋል» የሚለው ግን ያቺን ሕፃን በሌሊት ያዘለውን አባት ይጠይቅ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ማኅበራችን የተቋቋመው ሰው ሲሞት ለመቅበርና ለማስተዛዘን ነው፤ በዚህም ማንም አይነቅፈንም። ግን የምንቀብረው ሰው ቁጥር እንዲያንስ መሥራትም የማኅበሩ ሥራ ነው። ለቀብሩ የሚወጣውን ገንዘብ ሳንሳሳ እናወጣለን። ለሳሙናው መሳሳት የለብንም።

እስከ ስብሰባው ድረስ ማንም ውሳኔ አይጠብቅ። ዛሬ ማታ በየቤታችን ራት ሲቀርብ፣ ሳሙናው ከእንጀራው ቀድሞ ይምጣ።



ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት